ቀን ያልተጻፈበት ቪዲዮ

በጥር 2017 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መርካቶ ከአጎቴ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ፣ ፊት ለፊት ባለው መደዳ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚቸረችር አንድ ወጣት ስልኩን እንደያዘ ገባ። ለአጎቴ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ ስልኩን ወደ እኔ አዞረና «ይህን ድምፅ ታውቀዋለህ?» አለኝ።

ድምፁ የእኔ ነበር። በስልኩ መስታወት ላይ የአንዲት ቻይናዊት ነጋዴ እጅ ካልኩሌተር ይዞ ይታያል፤ ካልኩሌተሩ 2.5 ይላል። ከጀርባ ሆኜ እኔ የኳስ ጨዋታ እንደሚያስተላልፍ ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሁለት ዩዋን ተኩል! በእኛ አስራ ዘጠኝ ብር መሆኑ ነው!» እላለሁ። ከዚያ ሙዚቃ ይገባል። ቀጥሎ እኔና አጎቴ ጀልባ ላይ ሆነን የጓንዡን የማታ መብራት ስናደንቅ ይታያል።

«ይኸውልህ፣ ያንተ አስራ ዘጠኝ ብር ስልሳ ሺህ ብር አስከፈለኝ» አለኝ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቪዲዮው ለገበያ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. አጎቴ ለካንቶን ፌር ወደ ጓንዡ ሲሄድ እኔም የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ትኬቴን በራሴ ገንዘብ ቆርጬ፣ ሻንጣ ተሸካሚና አስተርጓሚ ሆኜ ተከተልኩት። (አስተርጓሚነቴ ለከንቱ ነበር። እዚያ ዋጋ የሚነገረው በካልኩሌተር እንጂ በአፍ አይደለም።) ካንቶን ፌር እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በፀደይና በመኸር በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሚካሄድ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን እግሩን ቢያሳብጥ እንኳ ሩቡን የማይጨርሰው የንግድ ትርዒት ነው። በኮቪድ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ኢንተርኔት ገብቶ ነበር፤ እኛ የሄድነው በሩ ለውጭ ነጋዴ እንደገና በተከፈተበት በ2023 ነው። የመኸሩ የመጀመሪያ ዙር፣ ማለትም መብራት፣ ኤሌክትሮኒክስና ማሽነሪ የሚታይበት፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን ተጀመረ።

እኔ ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ ቀረጽኩ። የቦሌን ሰልፍ፣ የአውሮፕላኑን ክንፍ፣ የሆቴሉን አልጋ፣ 600 ሜትር ቁመት ያለውን የካንቶን ማማ፣ አጎቴ በሹካ ምትክ በቀረበለት እንጨት ሲታገል፣ አፍሪካውያን ነጋዴዎች በሚበዙበት በሻኦቤይ ሠፈር ከሱቅ ሱቅ ስንዞር፣ ሁሉንም። ዐውደ ርዕዩ ውስጥ በአንዳንድ ድንኳኖች ላይ ፎቶ ማንሳት የሚከለክል ምልክት አለ። ሻጮቹ የሚፈሩት ሞዴላቸውን ጎረቤት ፋብሪካ እንዳይገለብጥባቸው ነው። እኔም አንድ ሁለት ጊዜ በእጅ ምልክት ተባርሬያለሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ስልኬ ውስጥ ሦስት ሰዓት ከምናምን የሚሆን ምስል ነበረኝ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ፣ ሙዚቃ ጨመርኩበት፤ አርባ አንድ ደቂቃ ላይ አቆምኩ። እናቴ ቤት እሁድ ቡና ተፈልቶ፣ ስልኩ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኝቶ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ታየ። ሰው ሳቀ፤ አጎቴ ከእንጨቱ ጋር የታገለበትን ቦታ ሦስት ጊዜ መልሱልን ተባለ። አንድ የአክስቴ ልጅ «ላክልኝ» አለ፣ በቴሌግራም ላክሁለት። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላውቅም። የማውቀው የአርባ አንዱን ደቂቃ ቪዲዮ መርካቶ ማንም እንዳልተመለከተው ነው። መርካቶ ያየው አንድ ሰው ቆርጦ ያወጣውን የአርባ ሰከንድ ቁራጭ ነው፤ ካልኩሌተሩን፣ 2.5ን፣ የእኔን አስራ ዘጠኝ ብር።

የቆየው ትውልድ ይህን ታሪክ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ከአሜሪካ ካሴት ይላክ ነበር። ዘመድ ትልቁን ካሜራ ትከሻው ላይ ጭኖ ቤቱን፣ መኪናውን፣ ሱፐርማርኬቱን፣ አንዳንዴም ፍሪጁን ከፍቶ ውስጡን ይቀርጽና በሰው እጅ ይልካል። ካሴቱ ሲደርስ ደግሞ አይሠራም፤ አሜሪካ የምትጠቀምበት ሥርዓት ኤንቲኤስሲ፣ የእኛ ፓል ስለሆነ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ጭራሹን አይመጣም። ቪዲዮ ቤት ተወስዶ ተከፍሎ ይገለበጣል። ያ ሁሉ ድካም ካለፈ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚያየው የተከፈተ ፍሪጅ ነው። ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ሁለት ፈረቃ ሥራው፣ ስለ መኪናው ብድር ምስሉ ምንም አይልም። ፍሪጁን ያየ ታናሽ ወንድም ግን «ወንድሜ አግኝቷል» ብሎ የሚጠይቀውን ገንዘብ ይወስን ነበር።

ያም ሆኖ እነዚያ ካሜራዎች አንድ ነገር ነበራቸው። ከምስሉ ታች ጥግ ላይ ቀኑን ይጽፉ ነበር። ቢጫ ወይም ነጭ ቁጥር፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ አንዳንዴም ሰዓት። የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ባለሙያዎች ምስል ያበላሻል ብለው ያጠፉት ነበር። የካሜራው የሰዓት ባትሪ ያለቀ እንደሆነ ደግሞ ሠርጉ ሙሽሮቹ ሳይወለዱ የተደረገ ይመስል ነበር። ቢሆንም ቀኑ እዚያ ነበር። ዛሬ ስልካችን የቀረጸበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም በፋይሉ ሆድ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ግን በምስሉ ላይ አይታይም፣ ቪዲዮው ተቆርጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲላክም አብሮት አይሄድም። ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው የትናንት የሚመስል ምስል ነው።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ያ ቁራጭ እጁ የገባው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ከቀረጽኩት ስምንት ወር በኋላ። ስምንት ወር እንደሆነው አላወቀም፤ ከየት ያውቃል? ያየው አስራ ዘጠኝ ብር የሚል ድምፅ ነው። ለመጓጓዣውም ለቀረጡም ብሎ ሁለት እጥፍ አደረገው፣ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ሌላም ሌላም ወጪ ጨመረበትና በስልሳ ብር ብሸጥ አተርፋለሁ አለ። ሕንፃ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች አነጋገረ፤ በስልሳ ብር ሊያቀርብላቸው ተስማምቶ ቀብድ ተቀበለ። በቀብዱ ላይ የእቁብ ገንዘቡን ጨምሮ፣ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር ኮንቴይነር ተጋርቶ፣ ጓንዡ ላለ ደላላ ሁለት ሺህ አምፖል አዘዘ።

እዚህ ላይ የቆረጥኩትን ነገር ልንገራችሁ። ያቺ ሴትዮ ካልኩሌተሩ ላይ 2.5 ብላ ከመጻፏ በፊትና ከጻፈች በኋላ ከአጎቴ ጋር አስራ አንድ ደቂቃ ያህል ተከራክረዋል። ቀርጬዋለሁ። ሳስተካክለው ግን አሰልቺ ሆኖ ስላገኘሁት ጣልኩት። በዚያ አስራ አንድ ደቂቃ ውስጥ የተባለው ይህ ነው። ሁለት ዩዋን ተኩል የሚሆነው አስር ሺህ ፍሬ ለሚያዝ ሰው ነው፤ ያውም አስር ሺሁም አንድ ዓይነት ዋት ከሆነ። ዋጋው ባለ ቀለም ማሸጊያ ሳጥኑን አይጨምርም። ፋብሪካው በር ላይ የሚረከቡበት ዋጋ እንጂ ወደብ የደረሰ አይደለም። ዕቃው የሚደርሰው በአርባ አምስት ቀን ነው፤ 30 በመቶው ሲታዘዝ፣ 70 በመቶው ከመጫኑ በፊት ይከፈላል። እንዲያውም በመሐሉ ሴትዮዋ «ሳጥኑ ላይ ስንት ዋት ተብሎ ይጻፍልህ?» ብላ ጠይቃው ነበር። አጎቴ ስቆ «ያለውን ጻፊ» አላት። ከመላው ጉዞ ውስጥ ለአንድ ነጋዴ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አልነበረም፤ እኔ ግን በቦታው ሙዚቃና ጀልባ አስገባሁበት።

ስለዚህ ወጣቱ በሁለት ሺህ ፍሬ፣ ከነሳጥኑ፣ የደላላው ኮሚሽን ተጨምሮ የደረሰው ዋጋ 3.6 ዩዋን ሆነ። ዩዋኑን ያገኘው ከባንክ አይደለም፤ ከየት እንደሆነ አንባቢዬ ያውቃል። በአስራ ስድስት ብር ሂሳብ ገዛው። ይህም ማለት አምፖሉ ከጓንዡ ሳይነቃነቅ 57 ብር ከ60 ሳንቲም ገብቷል። እኔ «በእኛ አስራ ዘጠኝ ብር» ያልኩት የባንክን ምንዛሪ ይዤ ነው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የባንኩ ዶላር ከ55 ብር ፈቅ ያለ ነበር፤ በዚያ ሂሳብ ዩዋኑ ሰባት ብር ተኩል ገደማ ይመጣል። በዚያ ዋጋ ባንክ ሄዶ ዩዋን የሚያገኝ ቸርቻሪ ግን አልነበረም። ኢኮኖሚክስ አራት ዓመት ተምሬ፣ ስለ ትይዩ ገበያ ፈተና ተፈትኜ፣ ካሜራ ስይዝ ግን እንደ ቱሪስት አሰላሁ። አጎቴ በቪዲዮው ውስጥ ያን ጊዜ ዞር ብሎ ያየኛል። ስንመለስ እንዳስተዋልኩት ከሆነ እያሾፈብኝ ነበር።

የተቀረው ታሪክ የሁላችሁም ታሪክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ፤ ወጣቱ ዕቃውን ጉምሩክ ባቀረበበት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ120 ብር በላይ ነበር። ዕቃውን በጎዳናው ምንዛሪ የገዛ ነጋዴ «እኔን ምን ይነካኛል» ሊል ይችላል። ይነካዋል። ቀረጥ የሚሰላው በባንኩ ምንዛሪ ነው። የዕቃው፣ የመርከቡና የኢንሹራንሱ ዋጋ በዶላር ተደምሮ በባንኩ ምንዛሪ ወደ ብር ይለወጣል፤ በዚያ ላይ የጉምሩክ ቀረጡ፣ ሱር ታክሱ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ይመጣል። መነሻው ከእጥፍ በላይ ሲሆን ተከታዮቹ ሁሉ ከእጥፍ በላይ ይሆናሉ። ጉምሩክ ደግሞ ያመጣኸውን ኢንቮይስ ሁልጊዜ አምኖ አይቀበልም፣ የራሱ የዋጋ መነሻ አለው።

በመጨረሻ አምፖሉ ሱቅ ሲገባ ከመቶ ብር በላይ ቆመበት። ከሦስቱ ደንበኞች አንዱ በውላችን ነው ብሎ በስልሳ ብር ተረከበ። ሁለቱ ቀብዳቸውን ወሰዱ። የተረፈውን በገበያው ዋጋ ሸጠ፤ ገበያው ደግሞ አስር ሺህ ፍሬ የሚያመጡት እነ አጎቴ የሚወስኑት ነው።

የእኔ ጥፋት ነው ወይስ የእሱ? አጎቴ ፍርዱን ወዲያው ሰጠ፤ «ነጋዴ በቪዲዮ ይገዛል እንዴ? ሳምፕል ያስመጣል፣ ፕሮፎርማ ያስልካል፣ ጠይቆ ይገዛል» አለው። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እኮ ቪዲዮው ላይ የሚታዩት፤ እርስዎን አይቼ ነው ያመንኩት» አለ ወጣቱ። አጎቴ ለዚህ መልስ አልነበረውም። እኔ ቪዲዮውን ከማስታወቂያ ለይቶ ያሳመነው ይህ ይመስለኛል። ጓንዡና ዱባይ ሆነው ዕቃ እየቀረጹ የሚልኩ ደላሎች እንደ አሸን ፈልተዋል፤ ሰው ሲያያቸው «ይህ ኮሚሽኑን ፈልጎ ነው» ብሎ ጥቂት ቀነስ አድርጎ ያምናቸዋል። የቤተሰብ የጉዞ ቪዲዮ ግን ማንም ምንም ሊሸጥበት ስላልሠራው ሳይቀነስ ይታመናል። በመሐሉ የሚሳቅበት፣ እንጨት ያስቸገረው የሚታወቅ ሰው አለበት። ስለዚህ የሚያሳስተውም ያው ቪዲዮ ነው።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። አጎቴ በራሱ በኩል ከወጣቱ የማያንስ ቅሬታ ነበረው፤ እስከዚያ ቀን አፍኖ ይዞት ነበር። በዚያው ቁራጭ ላይ፣ ከሴትዮዋ ትከሻ በስተኋላ፣ የፋብሪካው ስምና የድንኳኑ ቁጥር በግልጽ ይነበባል። አጎቴ ያንን ፋብሪካ ያገኘው በሁለት ኮንቴይነር ብልሹ ዕቃ ከከሰረ በኋላ ነው። ከቪዲዮው ወዲህ ሁለት የመርካቶ አስመጪዎች እዚያው ሄደው አዝዘዋል። «ሙሉውን ብታሳይ እኔ እከስራለሁ፤ ግማሹን ብታሳይ እሱ ከሰረ። እንግዲህ ኢኮኖሚስቱ አንተ ነህ፣ ንገረን» አለኝ።

ወንበር ላይ ያለ ሰው መልስ ሊኖረው ይገባል ተብሎ ይታሰባል። እኔ የተቀመጥኩት ካርቶን ላይ ነበር። በኋላ ግን አሰብኩበት።

ተማሪ ሳለን የሚጠቀስልን አንድ ጥናት ነበር። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የኢኮኖሚክስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ነው። በሕንድ ኬራላ ግዛት ዓሣ አጥማጆች እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የሞባይል ስልክ ሲደርሳቸው የሆነውን ይተርካል። ቀድሞ አንዱ ዳርቻ ዓሣ ተርፎ ሲደፋ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ገዢ ዓሣ አጥቶ ይመለስ ነበር። ስልኩ ሲመጣ አጥማጁ ባሕር ላይ ሆኖ ዋጋ ይጠይቅና ወደሚሻለው ዳርቻ ይቀዝፋል። የዋጋው ልዩነት ጠበበ፣ የሚደፋው ዓሣ ጠፋ፣ የአጥማጁ ትርፍ 8 በመቶ ጨመረ፣ ሸማቹም 4 በመቶ ቀነሰለት። ይህን የሚያነብ ሰው መረጃ ይስፋፋ እንጂ ሁሉም ይጠቀማል ብሎ ይደመድማል። እኔም እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. ድረስ እንዲሁ ደምድሜ ነበር።

አሁን ሳስበው ግን ዓሣ አጥማጁ የሚሰማው ዋጋ የዚያኑ ቀን፣ የዚያኑ ዓሣ፣ ሊደርስበት የሚችለው ዳርቻ ዋጋ ነው። ካልጣመውም ጀልባውን ያዞራል። የእኛ ወጣት የሰማው የስምንት ወር ዋጋ ነው፤ የሌላ መጠን፣ የሌላ ጥራት፣ የሌላ ምንዛሪ። ጀልባውን ሊያዞር ቢፈልግ እንኳ 30 በመቶው ተከፍሏል፣ ቀብዱ ተበልቷል። እዚሁ አገራችን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በየከተማው የዋጋ ሰሌዳ የሰቀለው በከንቱ አልነበረም። ሰሌዳው ላይ «ቡና ይህን ያህል ብር» ብሎ ብቻ የሚጻፍ የለም፤ የቡናው ዓይነት፣ ደረጃው፣ የርክክብ ቦታው አብሮ አለ። እነዚህ የሌሉበትን ቁጥር ዋጋ ብሎ የሚጠራው የለም። የእኔ ካልኩሌተር ላይ የታየው 2.5 እንግዲህ ዋጋ አልነበረም፤ ቁጥር ነበር።

የአጎቴ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። ፋብሪካ ለማግኘት ሁለት ኮንቴይነር የከፈለ ሰው ያንን ዕውቀት በነፃ አካፍል ቢባል ለምን እሺ ይላል? ማንም በነፃ የሚወስድበት ከሆነ ነገ አዲስ ፋብሪካ ፈልጎ የሚከስር አይኖርም። በሌላ በኩል መርካቶ ውስጥ አምስት ሰው ብቻ የሚያውቀው የዋጋ ምንጭ ሲኖር ቤት የሚሠራው ሰው በአምፖሉ ላይ የአምስቱን ሰዎች ምስጢር ጨምሮ ይከፍላል። እኔ እንደ ጋዜጠኛ ሁለተኛው ያሳስበኛል። እንደ እህት ልጅ ደግሞ የአጎቴን እንጀራ በልቼ አድጌያለሁ። ሁለቱን የማስታርቅበት ቀመር የለኝም። ደረስኩበት የምለው መካከለኛ መንገድ ይህ ብቻ ነው፤ የፋብሪካው ስም የአጎቴ ነው፣ ይሸፈን። የድርድሩ ሁኔታ ግን፣ ማለትም ስንት ፍሬ፣ ከምን ጋር፣ የት ርክክብ፣ በስንት ቀን፣ በምን ምንዛሪ የሚለው የማንም ምስጢር አይደለም። እሱን ማካፈል አጎቴን አይጎዳውም፤ ወጣቱን ግን ያድነው ነበር። እኔ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነው፤ ምስጢሩን አሳይቼ ሁኔታውን ደበቅሁ። ሆን ብዬ ባላደርገውም ገበያው ልብ አያይም።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ከእናንተ መካከል ነገ ወደ ዱባይ፣ ኢስታንቡል ወይም ጓንዡ የሚሄድ «ታዲያ አልቅረጽ?» ሊለኝ ይችላል። ይቅረጽ እንጂ! እኔ ሦስቱን ሰዓት ባልቀርጽ ኖሮ አስራ አንዱ ደቂቃ ዛሬ አይገኝም ነበር። ጆሮ ይረሳል፣ በተለይ በቀን አርባ ድንኳን የዞረ ጆሮ። አጎቴም ቢሆን ሴትዮዋ ስለ ዋስትናው ምን እንዳለች ሲጠፋው የደወለው ለእኔ ነው። የቆረጥኩትን ምስል ከስልኬ አልሰረዝኩትም ነበርና አወጣሁለት። ሴትዮዋ ሁለት ዓመት ብላ ነበር፤ ፋብሪካው አንድ ዓመት ይል ነበር። ቪዲዮውን ላከላቸው፤ ሁለት ዓመቱን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ድንኳኑ ቁጥር የሚያነሳብኝ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ ልጨምር። ቻይና ሆናችሁ የቀረጻችሁትን እዚያው ሳላችሁ በዩቲዩብ ወይም በቴሌግራም ልላክ ብትሉ በተለመደው ኢንተርኔት አይሆንላችሁም፣ ዝግ ነው። ያኔ በዚህ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው በረከት ነው። ሰው ዋጋ ባየበት ሞቅታ ውስጥ ሆኖ ከመላክ ይድናል፤ አገር ቤት ገብቶ ትራንዚተሩን ጠይቆ፣ የመጓጓዣውን ሂሳብ አይቶ፣ ከዚያ ይልካል። እኔ ያ ሁሉ ጊዜ ነበረኝ፤ ያጠፋሁት ሙዚቃ በመምረጥ ነው።

ባለፈው የካቲት ሁለት ሌሊት ደግሜ ቁጭ አልኩ። ሙዚቃውን አወጣሁ። አስራ አንዱን ደቂቃ መለስኩ፤ ሴትዮዋ ስትናገር ከታች በአማርኛ ጻፍኩበት። የፋብሪካውን ስምና ቁጥሩን በጥቁር ሸፈንኩ። «በእኛ አስራ ዘጠኝ ብር» የሚለውን ድምፄን አልቆረጥኩትም፣ ይቅር ብዬ ተውኩት፤ ከሥሩ ግን የባንኩን ምንዛሪ፣ የጎዳናውን ምንዛሪ፣ «ቀረጥ አልተጨመረም» የሚል አስገባሁ። በየምስሉ ታች ጥግ ላይ ደግሞ እንደ ድሮው ካሜራ በቢጫ ቁጥር ቀኑን አሰፈርኩ። ጥቅምት 4 ቀን 2016። አርባ አንዱ ደቂቃ ሃምሳ ሁለት ሆነ። ለወጣቱ ላክሁለት፤ አይቶ «አሁን ቢደርሰኝ ምን ዋጋ አለው» አለ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሱቁ ውስጥ ለሌላ ልጅ ሲያሳየው አገኘሁት።

እሁድ እናቴ ቤት ደግሞ ታየ። ሰው ስለ አስር ሺህ ፍሬና ስለ 30 በመቶ ሲሰማ አዛጋ፤ ጀልባው ላይ ሲደርስ ነቃ። አጎቴ ከእንጨቱ ጋር የሚታገልበት ቦታ ሲመጣ ቢጫው ቁጥር አገጩ ላይ አረፈ። እናቴ «የወንድሜን ፊት ሸፈናችሁብኝ፣ ይህን ቁጥር አውጡልኝ» አለች።

«ይሸፍነው» አለ አጎቴ።